ዘገምተኛዋ አንቺ አልነበርሽም

ለምወድሽ፣ ለምትናፍቂኝና ለተቀየምኩሽ ጓደኛዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ልጅሽና ባሏ ደህና ናቸው? የልጅ ልጆችሽስ? ያ ትንሹ አሁንም መነጽርሽን እየደበቀ ያስቸግርሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከንዴት በቀር ምንም አላመመኝም። ንዴቱም ቢሆን የሚያስተኛ ዓይነት አይደለም፣ የሚያስነሳ ነው። ሰሞኑን ከአልጋዬ ስወርድ ጀምሮ እያንጎራጎርኩ ነው ቤት የምጠርገው። ተናዶም ደስ እንደሚል በዚህ ዕድሜዬ ገና መማሬ ነው።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም ትዪ ይሆናል። ስለማውቅሽ ነዋ። ገና አፌን ስከፍት «ተይው በቃ፣ ያለፈ ነገር ነው» ትዪኛለሽ፤ ከዚያ የልጆቹን ጉንፋን ታወሪኛለሽ፤ ከዚያ ካርድ ያልቃል። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ስለዚህ አረፍ በይ፣ መነጽርሽን ፈልገሽ አድርጊ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው። መሃል ላይ ልብስ ላስጣ ብለሽ እንዳትነሺ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽና ልገላገል። ሲስተሙን ያዘገየው ምን እንደሆነ ታወቀ። አንቺ አይደለሽም። እጅሽም አይደለም፣ ዕድሜሽም አይደለም። ሰርቨሩ ላይ ያለው ዲስክ ነው። ዲስኩንም እንዲህ ያደረገው ሰው አለ፤ ያም ሰው እስካሁን ሱሪውን በቀበቶም በትከሻ ማንጠልጠያም አጥብቆ፣ ደረቱን ነፍቶ ኮሪደሩ ላይ ይንጎራደዳል።

አንቺው የነበርሽበትን መልሼ ስነግርሽ እንዳትሰለቺ፤ ከሥሩ ካልጀመርኩ ንዴቴ መስመር አይዝልኝም። አዲሱ ሲስተም የገባ ሰሞን እኮ ጥሩ ነበር። ላቦራቶሪው መግቢያ ላይ ሁለት መስኮት፣ ሁለታችን ጎን ለጎን፣ ሰው ይመጣል፣ ስሙን እንጽፋለን፣ «አስቀምጥ» የሚለውን እንጫናለን፣ ይሄዳል። ከዚያ የሆነ ጊዜ ላይ መጎተት ጀመረ። «አስቀምጥ» ብለን እጃችንን አጣምረን መጠበቅ። ያቺ ክብ ነገር ስክሪኑ ላይ እየዞረች እየዞረች፣ እኛም ዓይናችን አብሯት እየዞረ። ያ በዕቃ የያዘውን ሰገራ ከኋላው ሊሸሽግ ሲታገል የነበረው ሰውዬ ትዝ ይልሻል? ትንሽ ይታገሡን ስትዪው «እኔስ እታገሣለሁ እህቴ፣ ይሄ ነገር ነው የማይታገሠው» ያለሽ። ያኔ እንስቅ ነበር። ሰርቨሩንም «ነገ ነይ» ብለን ስም አወጣንለት። የምንስቀው ጥፋቱ የኛ ነው የሚል ስላልነበረ ነው።

የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነው ነገሩን ወደኛ ያዞረው። ጥንቁቁ ብለን የምንጠራው፣ ያ ባለ ቀበቶና ማንጠልጠያው፣ ዝናብ በሌለበት ጃንጥላ የሚይዘው። መጀመሪያ ገመዶቹን ቀየረ። ከዚያ የኛን ኮምፒውተሮች ቀየረ። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ ሚሞሪ ጨመረ፣ ፕሮሰሰር ጨመረ። ምንም። እሱ አንድ ነገር በነካ ቁጥር እንዲያውም ይብስበታል። በመጨረሻ መንካት የቀረው እኛን ነበር። «ማሽኑን በሙሉ ፈትሼዋለሁ፣ ችግሩ ከተጠቃሚው ነው» ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ነገረው። ከዚያ ያንን የጽሕፈት ፍጥነት ፈተና አመጣብን። በጽሕፈት መኪና ዘመን መምህሯ «እሷን እያያችሁ ጻፉ» እያለች ለክፍሉ ታሳያት የነበረችውን ሴት፣ አንቺን፣ በሠራተኛ ሁሉ ፊት አስቀምጦ፣ ከጀርባሽ ቆሞ፣ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት ያዘብሽ። ጣትሽ ፊደል ሳተ። የማን ጣት አይስትም? ከእሱም አንገት ጀርባ ማንም ቆሞ ቢተነፍስበት ስሙን እንኳ አይጽፍም።

ከዚያ የሽማግሌው ነገር መጣ። እሱን አልዘረዝረውም፤ ዘርዝረሽው ዘርዝረሽው አንቺው ጨርሰሽዋል። «አስቀምጥ» ብለሽ ተጫንሽ፣ ማሽኑ ዝም አለ፣ አልሰማኝም ብለሽ ደግመሽ ተጫንሽ፣ ሽማግሌው ሁለት ቦታ ተመዘገቡ። ውጤታቸው አንዱ ላይ ገባ፣ ባዶው ተከፍቶ ታየና «ውጤት የለዎትም» ተብለው ደም ሊሰጡ እንደገና ተመለሱ፤ ልጃቸው መጥቶ ጮኸ። እሱ ቢጮህ እውነቱን ነው፣ አባቱ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ግን ምን አደረገ? ኮሪደሩ ላይ ሰብስቦን፣ ያንን ለስላሳ ድምፁን አውጥቶ፣ «ዕድሜ የሚያመጣው ነገር ነው፣ አያሳፍርም፤ ከሲስተሙ እኩል መሄድ ያቃተው ቦታ ቢለቅ ለራሱም ክብር ነው» አለ። ስም አልጠራም። ስም ሳይጠራ ሁሉም ዞሮ አንቺን አየ።

አንቺስ? አንገትሽን ደፍተሽ «ጥፋቴ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አልሽ።

እዚህ ላይ ነው የተቀየምኩሽ። እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ኖሯል፣ ዛሬ ይውጣ። ማን ይቅርታ ጠይቂ አለሽ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል፣ ዳዋ እንኳ ተመታ እንጂ «አዎ እኔ ነኝ የበላሁት» አላለም። በማግሥቱ ዕቃሽን በፌስታል አድርገሽ ሄድሽ። ሄደሽም ቢሆን በወጣልሽ። ባለፈው ስደውልልሽ «ሰሃን እንኳ ለልጄ ትቻለሁ፣ እጄን አላምነውም» አልሽኝ። ሥራሽን ወሰዱ፣ እሺ። እጅሽን ግን ማን ስጪ አለሽ?

እሺ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ ልቀጥል።

ባንቺ ቦታ አንዲት አዲስ ልጅ አስቀመጡ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፣ አትጥያት። በአስር ጣቷ ስትጽፍ ፒያኖ የምትመታ ነው የምትመስለው። ጽፋ ጽፋ «አስቀምጥ» ትላለች፤ ያቺ ክብ ነገር መዞር ትጀምራለች። ልጅቷ ወደኔ ዞራ «ምን አጠፋሁ?» ስትለኝ አንጀቴን በላችው። ሥራ አስኪያጁ ቆም ብሎ አየና «አዲስ ስለሆነች ነው፣ ትለምደዋለች» ብሎ አለፈ። አየሽ አይደል? አንቺ ስትዘገዪ ማርጀት፣ እሷ ስትዘገይ አዲስ መሆን። ማሽኑ ብቻ ነው ዕድሜ የሌለው።

ምን አስነቃው መሰለሽ? ባለቤቱ። የሥራ አስኪያጁ ባለቤት ለምርመራ መጣች፤ እንደማንኛችንም ያቺን ክዳን ያላትን ዕቃ በናፕኪን ጠቅልላ ተሰለፈች። በእኔ መስኮት ነው የመጣችው። ጻፍኩ፣ «አስቀምጥ» አልኩ፣ ከዚያ ተያየን። ፊቷ ሲቀላ፣ ዕቃዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስታዛውር፣ ከኋላዋ ያለው ሰው አንገቱን ሲያሰግግ፣ እኔ በጣም ትሑት ሆኜ «ይታገሡን የኔ እመቤት፣ ዕድሜዬ ነው» አልኳት። እግዜር ይይልኝ፣ ከዚህ የበለጠ ክፋት አልሠራሁም። በዚያው ሳምንት ከውጭ ባለሙያ ተጠራ።

ባለሙያዋ ሴት ናት። ቀጭን፣ ጸጉሯን ጠቅልላ እርሳስ የሰካችበት፣ ማስቲካ የምታኝክ። ጥንቁቁ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሊወስዳት ሲል «ቆይ፣ መጀመሪያ የሚያማቸውን ልጠይቅ» ብላ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። «እናቴ፣ የሚቆምብዎት መቼ ነው? ሲጽፉ ነው፣ የቆየ ስም ሲፈልጉ ነው፣ ወይስ ሲያስቀምጡ?» አለችኝ። ስፈልግም ይጎተታል፣ ሳስቀምጥ ግን ጭራሽ ይሞታል አልኳት። ጓደኛዬ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ ገመድ ሲቀየርና ሰዓት ሲያዝብን፣ ይህችን ጥያቄ የጠየቀን ሰው ነበር?

ከዚያ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ከፈተች፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ቁጥር ብቻ ይወርዳል። «እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ፣ ‹አስቀምጥ›ን ሲጫኑ ብቻ ‹አሁን› ይበሉኝ» አለችኝ። ሥራዬ ሆነ። ስም እጽፋለሁ፣ እጫናለሁ፣ «አሁን» እላለሁ፤ እሷ ቁጥሩን ታያለች፣ ትጽፋለች። ትንሽ ቆይቶ ሰልፈኛው ገባው፤ እኔ ጣቴን ሳነሳ እነሱ «አሁን» ማለት ጀመሩ። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ከሁሉም ቀድማ ትለዋለች። ሥራ ቦታ እንዲህ ከሳቅኩ ቆይቼ ነበር፤ ጎኔ ያለው ወንበር ላይ አንቺ ብትሆኚ ደግሞ እንዴት አድርገን ነበር።

ምን አየሽ አልኳት። ስክሪኑን ወደኔ አዞረችልኝ። ፕሮሰሰሩ፣ ማለት ዋናውን ሥራ የሚሠራው፣ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል አለችኝ። ሥራ በዝቶበት አይደለም፣ ዲስኩ «ጻፍኩት» እስኪለው እየጠበቀ ነው። ታዲያ ፕሮሰሰር ተጨመረ ሲባል ምን ተጨመረ አልኳት። «ሌላ የሚጠብቅ» አለች፤ ማስቲካዋን አላቆመችም። እንደ እውነቱ ከሆነ መጋዘኑ በር አንድ ሰው ብቻ እያሳለፈ፣ ዕቃ ተሸካሚ ቢጨመር ወረፋ ነው የሚጨመረው። ይሄ ለመግባት ትምህርት ይፈልጋል? የሚፈልግ አይመስለኝም፤ ማየት ነው የሚፈልገው።

ቀጥላ ማን ነው ዲስኩን የሚያጨናንቀው ብላ ፈለገች። ማንም። ሰርቨሩ የሚጽፈው ትንሽ ነው፤ ያቺኑ ትንሽ ለመጻፍ ግን ይዘገያል። ያን ጊዜ ነው ጥንቁቁን ቀና ብላ ያየችው። እኔና አንቺ ሰርቨር ስንል ራሱን የቻለ ሳጥን ነበር የሚመስለን፤ አይደለም። አንድ ትልቅ ማሽን አለ፣ በውስጡ ብዙ ሰርቨሮች እንደ ተከራይ በየክፍላቸው ይኖራሉ። የኛው ሊኑክስ የሚባለው አንዱ ተከራይ ነው፣ የሒሳብ ክፍሉ ሌላው። ተከራይ «ውሃዬ ቀጠነ» ሲል ክፍሉ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም፣ ወደ አከራዩ ግቢ መግባት ያስፈልጋል። ጥንቁቁ ለካ ሁልጊዜ የሚፈትሸው የተከራዩን ክፍል ኖሯል። ግቢውን አሳይ ሲባል «እዚያ የምገባው እኔ ብቻ ነኝ» አላት። «ይግቡና ያስገቡኝ፣ አይቼ እወጣለሁ፣ ምንም አልወስድም» አለችው። ኃላፊነት አለብኝ አለ። እሷም ኃላፊነቱን ይዘው በሩን ይክፈቱ አለችው። ሰልፈኛው አፉን ከፍቶ ያያል።

ገባች። መጀመሪያ የሒሳብ ክፍሉን ሰርቨር አየች፤ በዚያው ዲስክ ላይ ሆኖ ይበራል። ስለዚህ ዲስኩ ራሱ ጤነኛ ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ የጎረቤት ይፈሳል የኛ ይንጠባጠባል። የኛን ፋይሎች ከፈተቻቸው። ከዚያ ማስቲካዋ ቆመ።

«እነዚህን ሁሉ ማን አነሳቸው?» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርቨሩ ላይ አንድ ነገር ከመነካቱ በፊት ያለበትን ሁኔታ እንደ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ነገሩ ከተበላሸ ወደ ፎቶው ይመለሳሉ። ጥሩ ነገር ነው። ችግሩ ፎቶው ዝም ብሎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ አይደለም። ፎቶ በተነሳ ጊዜ የድሮው ጽሑፍ ይቆለፍና ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ሌላ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ሌላ ፎቶ ከተነሳ ሌላ ወረቀት ይደረብበታል። አንድ ነገር ለማንበብ መጀመሪያ የላይኛውን ያያል፣ ከሌለ ቀጣዩን ይገልጣል፣ ከሌለ ሌላውን። ለመጻፍም ያው ጣጣ አለው። ጠረጴዛ ላይ የጠረጴዛ ልብስ፣ በላዩ ሌላ፣ በላዩ ሌላ እያነጠፉ ከሥር የወደቀ መርፌ መፈለግ በይው። ሥራው ሲያልቅ ፎቶውን መሰረዝ፣ ወረቀቶቹንም ወደ አንድ ማዋሃድ ነበረበት። ጥንቁቁ አንድም አልሰረዘም። የመጀመሪያው ፎቶ «ነገ ነይ» መጎተት ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የተነሳው። ከዚያ ሚሞሪ ሲጨምር ፎቶ፣ ፕሮሰሰር ሲጨምር ፎቶ፣ የሆነ ነገር በቀየረ ቁጥር ፎቶ። ሊያድነው በነካው ቁጥር አንድ ጨርቅ ሲደርብበት፣ ሲደርብበት። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይሉሻል ይሄ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ያጠረው ያንቺ ገመድ መሆኑ ነው።

ባለሙያዋ ለምን እንዳልሰረዛቸው ጠየቀችው። ምን ቢላት ጥሩ ነው?

«ገና አልተስተካከለማ» አላት።

ቃል በቃል ነው የምነግርሽ። ስላልተስተካከለ ፎቶዎቹን ይዞ ቆየ፣ ፎቶዎቹን ይዞ ስለቆየም አልተስተካከለም። እሷ ግንባሯን ያዘች። እኔ መስኮቴን ዘግቼ ለትንሽ ጊዜ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ስቄ ነው፣ አልቅሼም ነው፣ ጥርሴንም ነክሼ ነው፤ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ ተቀይሯል። ዘበኛው ሳይቀር «ፎቶ አንሺው ገቡ?» ነው የሚለው።

እኔ ብሆን ያኔውኑ ጠራርጌ እጥላቸው ነበር። ባለሙያዋ ግን አይሆንም አለች፤ ወረቀቶቹ ላይ ከዚያ ወዲህ የመጣ ሰው ሁሉ ውጤት አለ፣ በችኮላ ቢነካ የሰው ደም ይጠፋል። መጀመሪያ ቅጂው በሌላ ቦታ በደንብ መኖሩን አረጋገጠች፣ ዲስኩ ላይ በቂ ቦታ አለ ወይ ብላ አየች፣ ከዚያ በዕረፍት ቀን መጥታ አንድ በአንድ አዋሃደቻቸው። ይሄ ነው ጥንቃቄ። ያኛው ፍርሃት ነው፣ ጥንቃቄ አትበይው።

ሰኞ ጠዋት መስኮቴን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ሰው አንድ የቀለም ሥራ የሚሠራ ነበር፣ ጣቶቹ ላይ ነጭ ቀለም አለ። ጻፍኩ። «አስቀምጥ» አልኩ። ጣቴን ሳላነሳ «ተመዝግቧል» አለኝ። አላመንኩትም። እጄን አጣምሬ መጠበቅ ጀመርኩ፣ ልማድ ነዋ። ሰውዬው «ጨረሽ እንዴ እህቴ?» አለኝ። አዎ ጨረስኩ አልኩት። ሆዴ ቅቤ ጠጣ። እስከ ረፋድ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ሆኑ፣ ኮሪደሩ ጭር አለ፣ አዲሷ ልጅ እየሳቀች በወንበሯ ዞረች። ከዚያ ያንን ወንበር አየሁትና አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ ቅቤው ሆዴ ውስጥ ረጋ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበን። እዚያው ኮሪደር ላይ። ባለሙያዋም ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቆማለች። «የቴክኒክ ችግሩ ተፈቷል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ በትዕግሥት ሲታገል ለነበረው ለኮምፒውተር ክፍላችን ኃላፊ ምስጋና ይገባዋል» አለና አጨበጨበ። ሰው አጨበጨበ። ጓደኛዬ፣ ፎቶ አንሺው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«አንድ ስም ቀርቷል» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ «እሱን በኋላ በቢሮ እንነጋገራለን» አለኝ። «ስሟ የጠፋው ቢሮ ውስጥ አይደለም፣ እዚህ ነው፣ እርስዎ በቆሙበት» አልኩት። ይሄ ቦታው አይደለም አለኝ። ያን ቀንስ ቦታው እንዴት ሆነ አልኩት። ያኔ ባለሙያዋ ማንም ሳይጠይቃት «እኔ እዚህ ያየሁትን መዘግየት ሰው በእጁ ሊያመጣው አይችልም። ሁለቴ መጫንንም ሲስተሙ ራሱ ነበር መከልከል ያለበት» አለችና ሄደች። እንዲህ ብላ፣ ቦርሳዋን አስተካክላ፣ ደህና ዋሉ ብላ። ዘበኛው በሩን እስከ ዳር ከፈተላት።

እኔ ግን አላቆምኩም። ምን ምን እንዳልኩ ሁሉንም አልጽፍልሽም፣ ልጆች ደብዳቤውን ሊያነቡት ይችላሉ። ስለ ቀበቶና ማንጠልጠያ የሆነ ነገር ብያለሁ። ስለ ዕድሜ ደግሞ ብዙ ብያለሁ። አዲሷ ልጅ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ በኋላ ሽንት ቤት ውስጥ አቀፈችኝ።

ከዚያ ቢሮ ተጠራሁ። እንግዲህ መልእክት አደራ ነው፤ የተባልኩትን ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርሳለሁ። ሥራ አስኪያጁ እንዲህ ብሏል፤ ትመለስ፣ ወንበር አለ፣ ያለፈውን ማንም እንዳያነሳ፣ እሷም እንዳታነሳ፣ ሰኞ መጥታ ዝም ብላ ሥራዋን ትጀምር። «አንቺ ጻፊላት፣ አንቺን ትሰማለች» አለኝ። ለኔም አንድ ነገር ነበረው፤ በሠራተኛ ፊት ለተናገርኩት በሠራተኛ ፊት ይቅርታ እንድጠይቅ። ሳቅኩኝ፣ ምን ላድርግ። «እስከዚያው ቤትሽ ሆነሽ ጊዜ ወስደሽ አስቢበት» አለኝ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፁ።

አሰብኩበት። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ረፋድ ላይ ነው፣ አሁንም እያሰብኩበት ነው። የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ በዚህ ሰዓት ፀሐይ እንደሚያርፍ ታውቂ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። የጎረቤቴ ድመት መስኮቱ ላይ ተጋድማ እንዲህ የምትንቀኝ የሷ ሰዓት ስለሆነ ነው መሰለኝ።

አሁን የራሴን መልእክት ስሚ። መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ እንደጨረስሽ ተነሺና ሰሃን እጠቢ። ልጅሽ «ተይ እማዬ» ብትልሽ አትስሚያት። አንዱ እንኳ ቢሰበር ሳሙናው ነው። እጅሽ ዱሮም አልዘገየም፤ ሲጠብቅ የነበረው ጨርቅ የተደራረበበትን ማሽን ነው።

ቀጥሎ ስለ ወንበሩ። አዲሷ ልጅ ካንቺ ቦታ አትነሳም፣ ጠይቄያለሁ። እኔም እንድትነሳ አልፈልግም፣ እሷም እናት አላት። አለ የተባለው ወንበር ከግድግዳው በኩል ያለው ነው። ጥሩ ወንበር ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ። የበሩ ንፋስ አያገኝሽም። አንዱ እግሩ ያነክስ ነበር፣ ካርቶን አጥፌ ከሥሩ አድርጌለታለሁ። መሳቢያው ሲከፈት ወደ ላይ ብድግ አድርገሽ ሳቢው። ውስጡ የመርፌና የክር ዕቃ አለ፣ የማንም አይደለም፣ ተጠቀሚበት። ባዶ እንዴት ሆነ ብለሽ ማንንም አትጠይቂ፣ በተለይ እኔን።

ሰኞ ብትመጪ ግን ቀጥ ብለሽ ወደ ወንበሩ አትሂጂ። ኮሪደሩ ላይ ቁሚ። ያን ቀን የቆምሽበት ቦታ ላይ፣ ቀና ብለሽ። ሥራ አስኪያጁ በጠዋት በዚያ በኩል ያልፋል። ሰው ሲሰማ «ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም» ካለሽ ግቢና ተቀመጪ፣ እንጀራሽ ነው፣ እኔን ብለሽ አንድም ቀን እንዳትቀሪ። ከቀረሽ እውነተኛው ቅያሜ ያኔ ይጀምራል። ካላለሽ ደግሞ ፌስታልሽን ይዘሽ ወደኔ ነይ። መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ሰዓት አትምረጪ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ።

ልጅሽን በጣም ሳሚልኝ። ለትንሹም መነጽር መደበቂያ ሌላ ቦታ አስተምሪው፣ ትራስ ሥር ሰልችቶታል። ጉልበትሽን ብርድ አይንካው፣ እጅሽ አይዛል፣ ያዋረደሽ አፍ ሳይውል ሳያድር ያክብርሽ። ፈጣሪ በጤና ያገናኘን።

ጎንሽ የነበርኩት ጓደኛሽ